አቼቶና ሶዳ፦ ልጄ የተሳሳተችው የቱ ላይ ነው?

የልጅ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ፈተናዋ ላይ «ሶዳ አቼቶ ላይ ሲጨመር የሚካሄደው ለውጥ ከአራቱ ዓይነቶች የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። አረፋው ገንፍሎ ሲፈስ ወጥ ቤት ውስጥ በዓይኗ ስላየች «መፈራረስ» ብላ መለሰች። በቀይ ተሰርዞ መጣ፤ መልሱ «ድርብ መተካካት» ነው ተብሏል። ላስረዳት ብቀመጥ እኔም ጠፋብኝ። አረፋ የሚወጣው አንድ ነገር ሲፈርስ አይደለም እንዴ?

አላፊ አግዳሚ፦
አረፋ ካለ መፈራረስ ነው። ሄደሽ ተከራከሪ።

ጡረተኛው መምህር፦
እህቴ፣ ክርክሩን ለጊዜው ያቆዩት። ሃያ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኸው ነበር፦ ዓይኑን አምኖ ይፈርዳል። ውሃ ያልነካው ኖራ ላይ ውሃ ሲያፈሱበት ይንጨረጨራል፣ ይግላል፣ እንፋሎቱ ፊት ይጋረፋል። የፈረሰ ነገር ግን የለም፤ ኖራውና ውሃው ተዋህደው አንድ ሆኑ። ያ ኖራ የተገኘው ደግሞ የኖራ ድንጋይ እቶን ውስጥ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ግሎ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲለቅ ነው። መፈራረስ ያ ነው፤ አንድም አረፋ አይታይበትም።

ስለዚህ የገባውንና የወጣውን ይቁጠሩ። ሁለት ገብቶ አንድ ከወጣ ውህደት፣ አንድ ገብቶ ሁለት ወይም ሦስት ከወጣ መፈራረስ። ሁለት ገብቶ ሁለት ከወጣ መተካካት ነው። መተካካት ነጠላም ድርብም አለ፤ ነጠላውን የማሳየው በምስማር ነበር። ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ ስነክረው ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ምስማሩ ቀይ መዳብ ይለብሳል፣ ሰማያዊው እየፈዘዘ ይሄዳል። ብቻውን የመጣው ብረት መዳብን ከቤቱ አስወጥቶ ገባበት ማለት ነው። (አንድ ቀን የምስማሩን ቅባት ሳልወለውል ነክሬው ምንም ሳይሆን ቀረ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ።)

አቼቶና ሶዳ ግን ሁለቱም ውሁድ (ከተለያዩ ንጥረ ነገሮች የተጣመሩ) ናቸው፤ መተካካቱ ድርብ የሚባለው ለዚህ ነው። የአቼቶው ሃይድሮጅንና የሶዳው ሶዲየም ቦታ ሲለዋወጡ ሶዲየም አሲቴትና ካርቦኒክ አሲድ ይገኛሉ። ካርቦኒክ አሲዱ አይበረክትም፤ ወዲያው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይፈርሳል። አረፋው ከዚያ ነው። ልጅዎ ያየችው ሁለተኛውን እርምጃ ነው። እኔ ብሆን ግማሽ ነጥብ እሰጣት ነበር።

የልጅ እናት፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግማሽ ነጥቧን ስትሰማ ደስታዋ ለጉድ ነው። በዚያው ማታ እንቁላል አቼቶ ውስጥ ነክራ አደረች፤ ጠዋት ቅርፊቱ ሳስቶ ሲነኩት እንደ ጎማ ይለመጣል። ይህም እንደ ሶዳው ነው?

ጡረተኛው መምህር፦
አዎ። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከዚያ ከኖራ ድንጋዩ ጋር አንድ ነገር። በሶዲየም ፈንታ ካልሲየም አስገብታ ራሷ ትጻፈው። ብርጭቆውን ግን በክዳን አጥብቃችሁ እንዳትዘጉት፤ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል።