አዲስ ባይኖኩላር ገዝቼ ራስ ምታት ሸመትኩ፤ ይመለስ ወይስ ልልመደው?

ጀልባ ነጂው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ። ሥራዬ እንግዳ በጀልባ ጣና ላይ ማዞር ነው፤ ገዳማቱን፣ ጉማሬውን፣ ወፉን አሳያለሁ። ሁለት ዓመት አጠራቅሜ፣ የጎደለውን ጀርመን ያለው ታላቅ ወንድሜ ሞልቶልኝ፣ ደህና ደረጃ ያለው ባይኖኩላር ገዛን። 10 በ42 ነው፤ 10 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። ዋጋው ከ2,000 ዩሮ በላይ ነው፤ ለእናቴ አልነገርኳትም። ወንድሜ ቅዳሜ ይዞልኝ መጣ፣ ሐሙስ ይመለሳል። የቸኮልኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ደጉን ላውራ። የመጣ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ቆሜ ዓይኔ ላይ አደረግኩት። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነ ታንኳ እየመጣ ነበር። ደንገሉ የታሰረበት ገመድ ቋጠሮው ይቆጠራል። ቀዛፊው ሲያዛጋ ጥርሱን አየሁት! ፀሐይ ልትገባ ስትል የድሮዋ ባይኖኩላሬ ሁሉን ነገር ግራጫ ነበር የምታደርገው። በዚህኛው የፔሊካኑ መንጋጋ ሥር ያለው ከረጢት ቢጫ መሆኑ በደንብ ያስታውቃል።

አሁን ችግሩ። ሳይ ሳለሁ ባቄላ የሚመስል ጥቁር ጥላ ይመጣል፣ ይሄዳል። ዓይኔን ትንሽ ካዞርኩ ግማሹ ይጨልማል። ቀኝ በኩል ያለው ምስል ድፍርስ ነው፤ ከግራው ጋር አልስማማ አለኝ። አሥር ደቂቃ ካየሁ ራሴን ያመኛል። ጀልባ ላይ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ጠዋት ጭራሽ ጭጋግ ያዘ። የድሮዋ እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም።

ተበላሽቶ ነው የመጣው? አስመስለው የሠሩት ይሆን? ወንድሜ ይዞት ይመለስ?

ባለ ባጃጅ

ወንድሜ፣ ጉማሬ ለማየት ይሄን ሁሉ ብር? ጉማሬው እኮ ራሱ ቀርቦ ያይሃል።

ጋሽ መምህር

ልጄ፣ ቶሎ አትመልሰው። እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ወፍ ማየት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። የባቄላዋ ጥላ የመሣሪያው ሕመም አይደለችም። ዓይንህ ከሌንሱ ያለው ርቀት ስላልተስተካከለ ነው።

በዓይንህ በኩል ያሉትን ጎማዎች ይዘህ አዙራቸው። ደረጃ በደረጃ ቀጭ እያሉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። የዓይን መነጽር የማያደርግ ሰው ያወጣቸዋል፣ የሚያደርግ ሙሉ በሙሉ ያስገባቸዋል። ዓይንህ በጣም ከቀረበ ጥላው ይመጣል። በጣም ከራቀ ደግሞ ጠርዙ ተቆርጦ በቱቦ ውስጥ የምታይ ይመስልሃል። አንተ ምናልባት ከካርቶኑ እንደወጣ ጎማው ገብቶ እንዳለ ነው የተጠቀምክበት።

ቀጥሎ መሐል ያለውን ማጠፊያ አስተካክል። ሁለቱን ቱቦዎች እያቀራረብክና እያራራቅክ ስታይ ሁለት ክብ ሳይሆን አንድ ንጹሕ ክብ የሚሆንበት ቦታ አለ። ያ የአንተ ልክ ነው። እንግዳ ተውሶህ በመለሰ ቁጥር መልሰህ ማስተካከልህን አትርሳ፤ ጀልባ ላይ ከእጅ እጅ መዞሩ አይቀርምና።

አንድ ነገር ላሳይህ። ባይኖኩላሩን በክንድህ ሙሉ አርቀህ ወደ ሰማይ ያዘው። የምታይባቸው ሌንሶች ላይ ሁለት ትናንሽ ብሩህ ክቦች ይታያሉ። ስፋታቸው 42 ለ10 ሲካፈል የሚመጣው ነው፣ 4.2 ሚሊ ሜትር። ብርሃኑ ወደ ዓይንህ የሚገባው በነሱ በኩል ብቻ ነው። ብሌንህ ከክቧ ትንሽ ወጣ ካለ ጥላው ይመጣል። የድሮዋ ስንት በስንት ነበረች?

ጀልባ ነጂው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሮጌ የሩሲያ 7 በ50 ነበረች።

ጋሽ መምህር

በለው! 50ን ለ7 ስታካፍል 7 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ዓይንህን እንደፈለግክ ብታንከራትት ከክቡ አትወጣም። ለዚያ ነው ጥላ የማታውቀው።

መነጽር ቤት

እኔ የዓይን መነጽር ባለሙያ ነኝ። ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ስለ ቀኝ ዓይንህ ግን እኔ ልጠይቅህ። ዳዮፕተሩን አስተካክለሃል? የሁለቱን ዓይን ልዩነት የሚያቻችለው ማስተካከያ ነው። ብዙዎቹ ላይ ቀኝ ዓይን የሚያይበት ሌንስ ሥር ያለ ቀለበት ነው፤ ውድ የሆኑት አንዳንዶቹ ላይ መሐል ካለው ምስል ማጥሪያ (ፎከስ) ጋር ነው ያለው፣ ሳብ አድርገህ ታዞረዋለህ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ራቅ ያለ፣ ጥርት ያለ መስመር ያለው ነገር ምረጥ፤ የታርጋ ጽሑፍም ሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ይሆናል። ቀኙን ቱቦ ከፊት በመዳፍህ ሸፍን። ቀኝ ዓይንህን ግን አትጨፍነው፤ ስትጨፍን ሌላውም ዓይን ይጨናነቃል። በግራህ እያየህ በመሐለኛው ፎከስ አጥራ። ከዚያ ግራውን ሸፍን። ፎከሱን ሳትነካ በዳዮፕተሩ ብቻ ቀኙን አጥራ። አለቀ። ቁጥሩን ያዘው፣ ሁለተኛ አትነካውም።

ይህ ሳይሠራ አሥር ደቂቃ ያየ ሰው ራሱን ቢያመው አይገርምም። አንዱ ዓይን የጠራ፣ ሌላው የደፈረሰ ምስል ሲልክ አእምሮ ይታገላል።

ካሜራዬ

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ስለ መንቀጥቀጡ ልበል። 10 እጥፍ ማለት የእጅህንም የሞተሩንም ንቅናቄ 10 እጥፍ ማለት ነው። ለጀልባ ሥራ 8 በ42 ይሻልህ ነበር። ከተገዛ በኋላ መናገሬ ነው እንጂ! እይታውም ይሰፋል። 10 እጥፉ በ1,000 ሜትር ላይ 110 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፣ 8 እጥፉ 130 አካባቢ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። በአንተ ባይኖኩላር ከኪሎ ሜትር ላይ ሆነህ ብታየው ሩቡን ትንሽ አለፍ ብትል ነው።

ለምሳሌ ነው ያልኩት፤ ሄደህ ድልድይ ላይ እንዳትደግን! በዚህ ጊዜ ድልድይ፣ ኤርፖርትና ካምፕ አካባቢ ይሄን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ አትቁም። ወፍ ነው የማየው ብትል ማን ይሰማሃል? ወረቀት ካለህ ቅጂውን ቦርሳህ ውስጥ አድርግ።

ጀልባ ላይ ሞተሩን አጥፋ። ቁጭ በል፣ ክርንህን ደረትህ ላይ አጣብቅ። ኮፍያ ካደረግህ የኮፍያውን ምላስ ከባይኖኩላሩ ጋር አብረህ በጣቶችህ ያዝ። ይሄ ብቻውን ግማሹን ያረጋጋልሃል።

ደግሞ ሐይቁን ከጫፍ ጫፍ ስትቃኝ ምስሉ እንደ ኳስ የሚንከባለል ከመሰለህ አትደንግጥ። አንዳንድ ውድ ባይኖኩላሮች ምስሉ እስከ ጠርዙ እንዲጠራ የሚያደርግ ተጨማሪ ሌንስ አላቸው፤ መንከባለሉ አንዳንዴ ከዚያ ጋር ይመጣል። ብዙ ሰው በጥቂት ቀን ይለምደዋል።

ጀልባ ነጂው

ወገኖቼ፣ ተባረኩ። ጎማውን አወጣሁ፣ ባቄላዋ ጠፋች። እውነትም ገብቶ ነበር። እስከ ዛሬ ቅንድቤ ላይ ለጥፌው ነው የማየው።

ጭጋጉን በነጠላ ጠረግኩት፣ ለቀቀ።

ዳዮፕተሩንም እህቴ እንዳልሺው አደረግኩ። ቀኙ ጠራ። ግን ከዜሮው ወደ ማይነስ በኩል ከግማሽ በላይ ሄዷል። ይሄ ጤና ነው? አዲስ ዕቃ ዜሮ ላይ መሆን አልነበረበትም?

ጋሽ መምህር

በነጠላ?! ልጄ፣ በነጠላ የ2,000 ዩሮ ሌንስ ይጠረጋል?

ስማኝ። የጣና ውኃ ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል አለበት። ጀልባው የረጨብህ ጠብታ ሲደርቅ ውኃው ይሄዳል፣ ደለሉ ሌንሱ ላይ ይቀራል። በደረቁ ስትጠርገው በአሸዋ እንደማሸት ነው፤ ሌንሱ የተቀባውን ስስ ሽፋን ትጭረዋለህ። መጀመሪያ አቧራውን በላስቲክ መንፊያ ወይም ለስላሳ ብሩሽ አራግፍ። ደለል ከያዘ፣ ውኃ የማያስገባ መሆኑ መመሪያው ላይ ከተጻፈ፣ ንጹሕ የታሸገ ውኃ ቀስ ብለህ አፍስስበት። ከዚያ ነው አብሮት በመጣው ጨርቅ ሳትጫን የምትጠርገው። ትንፋሽህን ኡፍ ብለህ ልትጠቀም ትችላለህ፣ ምራቅ ግን አይሆንም።

ጭጋጉ ከተጠረገ ከውጭ ነው ማለት ነው። የጠዋት ብርድና ትንፋሽህ ናቸው። መፍራት ያለብህ በሌንሶቹ መሐል የሚታየውን፣ የማይጠረገውን ነው። ውስጡ የተሞላው ናይትሮጅን ወይም አርጎን የሚባል ደረቅ ጋዝ ነው፤ ውስጥ ጭጋግ ከያዘ ጋዙ ወጥቶ እርጥበት ገብቷል። እሱ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ለወንድምህ ስጠው እልህ ነበር። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥብ እንዳለ ቦርሳው ውስጥ አትቆልፍበት፣ ሻጋታ ሌንስ ይበላል።

መነጽር ቤት

ዳዮፕተሩ ያን ያህል መሄዱን አልወደድኩትም። ጥፋቱ የባይኖኩላሩ ነው ወይስ የአንተ? በቀላሉ ይለያል።

ዳዮፕተሩን ዜሮ ላይ መልሰው። በግራ ዓይንህ ብቻ እያየህ ፎከሱን አጥራ። ከዚያ ባይኖኩላሩን ገልብጠው፣ ሆዱ ወደ ሰማይ ይሁን። አሁን የግራው ቱቦ ቀኝ ዓይንህ ላይ ነው፣ የቀኙ ደግሞ ግራ ላይ። ድፍርሱ ወደ ግራ ዓይንህ ከዞረ ጥፋቱ የቱቦው ነው፣ ወንድምህ ይዞት ይሂድ። ድፍርሱ ቀኝ ዓይንህ ላይ ከቀረ ግን…

ጀልባ ነጂው

ገለበጥኩት። ድፍርሱ ቀኝ ዓይኔ ላይ ነው የቀረው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ወንድሜም ገልብጦ አየ፤ ለሱ በሁለቱም ጥርት ያለ ነው።

ካሜራዬ

እንዴ! በድሮዋ እንዴት ነበር የምታየው ታዲያ?

ጀልባ ነጂው

አሁን ነው የገባኝ። የድሮዋ ከዓመታት በፊት ጀልባው ወለል ላይ ወድቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱን ወፍ ሁለት አድርጋ ነው የምታሳየው። ስለዚህ ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ በግራ ብቻ ነበር የማየው። ልማድ ሆኖብኛል። ቀኝ ዓይኔን ለብቻው ፈትኜው አላውቅም።

ጋሽ መምህር

ስትወድቅ ፕሪዝሙ፣ ውስጧ ያለው ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት፣ ከቦታው ተንሸራቷል። አዲሱንም በዚህ ፈትነው፣ ሐሙስ ሳይደርስ። ሩቅ ያለ ምሰሶ እያየህ ባይኖኩላሩን ቀስ ብለህ ከዓይንህ ትንሽ አርቀው። ምሰሶው አንድ ሆኖ ከቆየ ደህና ነው። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ሁለት ከሆነ ቱቦዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ አያዩም ማለት ነው። እሱን በቤት አትነካካውም፣ ለሠራው ድርጅት ነው የሚላከው።

ጀልባ ነጂው

አንድ ነው ጋሼ። የቤዛዊት ኮረብታን አንቴና ነው ያየሁበት፣ ንቅንቅ አላለም።

መነጽር ቤት

እንግዲያው ባይኖኩላሩ ጤነኛ ነው። አንተ ነህ መታየት ያለብህ። ነገ ሂድና ዓይንህን ተመርመር። ሱቅ ገብተህ መነጽር መርጠህ እንዳትወጣ፤ የዓይን ክፍል ሄደህ ውስጡንም ይዩልህ። አንድ ዓይን ብቻውን ሲደክም ምክንያቱ መታወቅ አለበት።

ባለ ባጃጅ

ይሄኔ እኔም ልመርመር ይሆን? ማታ ማታ የመንገድ መብራት ይበተንብኛል።

መነጽር ቤት

ወንድሜ፣ አንተ ሰው ጭነህ የምትነዳ ነህ። እሱን ቀድመህ ሂድ።

ጀልባ ነጂው

ረቡዕ ማታ ነው። ተመርምሬ መጣሁ። ቀኙ ማይነስ 2.25 ነው፣ ሩቁን አያጠራም ማለት ነው፤ ግራው ዜሮ ማለት ይቻላል። ውስጡ ደህና ነው ተባልኩ፣ ተመስገን። መነጽር ታዟል። ሐኪሙ ‘እስከ ዛሬ እንዴት ሳታውቅ ኖርክ?’ አለኝ። በአንድ ዓይን እየሠራሁ መሆኔን ማን ነግሮኝ!

ወንድሜ ነገ ባዶ እጁን ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ይዤው ወጣሁ፣ በደብረ ማርያም በኩል። ሞተሩን አጠፋን። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ውኃው ላይ አንድ ቦታ ተንጠልጥሎ ክንፉን ያርገበግባል፣ ራሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ዘሎ ገባ፣ ወጣ። ከመንቁሩ ጫፍ ጠብታዋ ስትወርድ አየኋት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አየሁ፣ ራሴን አላመመኝም።

መነጽሩ ሲመጣ ዳዮፕተሩን ምን ላድርገው?

መነጽር ቤት

መነጽርህን አድርገህ የምታይ ከሆነ ዜሮ ላይ መልሰህ እንደ አዲስ አስተካክለው። ጎማዎቹንም አስገባቸው። አውልቀህ የምታይ ከሆነ እንዳለ ተወው።

ጋሽ መምህር

ኅዳር ሲገባ ከወዲያ ማዶ፣ ከሩሲያ በኩል የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ፎገራ ሜዳ ላይ ይሰፍራሉ። ሸሸርና ወለላ ረግረጋቸው ነው። እዚያ መሬት ላይ ቆመህ ስለምታይ 10 እጥፉ ያኔ ዋጋውን ይከፍልሃል። እኔንም ጥራኝ።

ጀልባ ነጂው

እሺ ጋሼ፣ እርስዎን ይዤ ነው የምሄደው። በነገራችን ላይ እናቴ ዋጋውን ሰምታለች። ወንድሜ ነው ያመለጠው። እንዴት ላብርዳት? ለሱ ሌላ ጥያቄ እከፍታለሁ።