አስቸኳይ፦ ነገ ጠዋት ችሎት አለ፣ አስተርጓሚ የለም፤ እኔ ላስተርጉም?

ጠያቂ
ሰላም ወገኖች፣ ያነበበ ቶሎ ይመልስልኝ። ያለሁት አሜሪካ ነው። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ችሎት አለን። ካሳ ነኝ፣ ይሄ የመጀመሪያ ኬዜ ነው። እናትየዋ ከአማርኛ ሌላ አትናገርም። አሁን ማታ ሶሻል ወርከሯ "ለነገ አስተርጓሚ አልተገኘም፣ አንቺ አማርኛ ስለምትችይ እባክሽ እርጂን" ብላ ቴክስት ላከችልኝ። እስካሁን ሁለቱ ሲነጋገሩ በስልክ የምታስተረጉመው ትልቋ ልጅ ናት። እምቢ ካልኩ ቀጠሮው ይተላለፋል ብዬ ፈራሁ፤ ልጆቹ ቤት ብቻቸውን ውለው ተገኝተው ከተወሰዱ ወዲህ በሰው ቤት ብዙ ወር ቆይተዋል። ሪፖርቴን ባለፈው ሳምንት አስገብቻለሁ። እሺ ልበላት?

የኮልፌ ልጅ
ካሳ ነኝ ስትይ የመኪና ካሳ ነው? እኔን ከኋላ ገጭተውኝ ይኸው መንፈቅ ሞላኝ፣ ካስከፈልሽልኝ ቡናው በኔ 😄 ደግሞ 3 ሰዓት ያልሽው በኛ ነው በፈረንጅ?

ጠያቂ
በኛ። በነሱ 9 ሰዓት። የገንዘብ ካሳ አይደለም ወንድሜ፣ ስሙ የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው። በደል የደረሰባቸው ወይም ተንከባካቢ ያጡ ልጆች ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ሲሄድ ስለነሱ እንዲናገር ዳኛ የሚሾመው በጎ ፈቃደኛ ማለት ነው። እባካችሁ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ነገረ ሕግ
እህቴ፣ በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ብናየው ጥሩ ነው። በ1974 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፌዴራል ሕግ የድጋፍ ገንዘብ የሚወስዱ ስቴቶች ሁሉ በበደልና በቸልተኝነት ጉዳይ ፍርድ ቤት ለቀረበ ልጅ ጥቅሙን የሚያስከብርለት ሰው እንዲሾሙ ያስገድዳል። ሲያትል ላይ ደግሞ ዴቪድ ሱካፕ የሚባሉ ዳኛ ስለ ልጆቹ በቂ ነገር ሳያውቁ መወሰኑ ስላስጨነቃቸው በ1977 ተራ የከተማ ሰዎችን አሰልጥነው ለልጆች መመደብ ጀመሩ። እንቅስቃሴው ወደ ሌሎች ስቴቶች የተስፋፋው ከዚያ ነው። ጠበቃው ብዙ ፋይል ተሸክሞ ሲሮጥ በጎ ፈቃደኛዋ ግን አንድ ወይም ሁለት ጉዳይ ይዛ ልጁን ቤቱ ድረስ ሄዳ ታየዋለች፣ መምህሩን ታነጋግራለች፣ ያየችውን ጽፋ ለዳኛው ታቀርባለች። አንቺም የ30 ሰዓት ስልጠናውን ስትወስዲ ይሄን ሰምተሻል። እንግዲህ ከዚህ ተነስተሽ...

የኮልፌ ልጅ
ጋሼ፣ ችሎቱ ነገ ነው!

አስተርጓሚዋ
እኔ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት እሠራለሁ። መልሱ አጭር ነው፦ አታስተርጉሚ። አስተርጓሚ ለማንም ሳያደላ የተባለውን እንዳለ ለማድረስ ይምላል፤ አንቺ ደግሞ ለልጆቹ የሚበጀውን ልትናገሪ የተሾምሽ ነሽ። እናትየዋ "አላደረግሁም" ስትል በምን ልብሽ ታስተላልፊዋለሽ? ነገ ጠበቃዋ ቃሉን ቢቃወም ደግሞ ሪፖርትሽም አብሮ ይነካል።

አሁኑኑ ለኃላፊሽ ደውዪ፤ ማታ ነው ብለሽ አትፈሪ። የእናትየዋ ጠበቃ ዛሬ ማታ እንዲያውቅ ይደረግ፣ አስተርጓሚ የመጠየቅ ዋናው ሥራ የሱ ነው። ለፍርድ ቤቱ የአስተርጓሚ ክፍልም ዛሬውኑ ኢሜይል ይግባ። በአካል የሚመጣ ቢጠፋ በቪዲዮ ወይም በስልክ የሚያስተረጉም ይገኛል። ልጅቷን ግን ማንም እንዳያስተረጉማት፣ ይሄን አጥብቀሽ ተናገሪ። እናቷ ስትወቀስ በገዛ አፏ ለእናቷ የምታደርስ ልጅ ምን እንደሚሰማት አስቢው።

ሰላም ይሁን
በስልክ የሚያስተረጉሙ ድርጅቶች አሉ፣ አማርኛም አላቸው። በስልክ ይሁን።

የሦስት ልጆች አባት
የሐበሻ ልጅ ከናቱ ጉያ ተነጥቆ ለፈረንጅ ሲሰጥ የምታግዙት እናንተ ናችሁ። ለምን እናትየዋን አትረጃትም? አገራችን ቢሆን ጎረቤት ይይዛቸው ነበር፣ ፍርድ ቤት ምን አግብቶት!

ጠያቂ
ንዴትህ ይገባኛል ወንድሜ። የምወስደውም የምወስነውም እኔ አይደለሁም፤ ዳኛው ነው። ጎረቤት ይይዛቸው ነበር ያልከው እውነት ነው፣ እኔም ያደግሁት እንደዚያ ነው። እዚህ ያ ጎረቤት የለም። ትንሹ ልጅ መጀመሪያ ቀን ሳየው ዳቦ እየቆረሰ ኪሱ ውስጥ ይከት ነበር፣ "ለማታ" ብሎ። ይሄን አይቼ ወደ ቤቴ መግባት አልቻልኩም።

ከአዲስ አበባ
አገርም ቢሆን ፍርድ ቤት አያገባውም የሚለው ልክ አይደለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶችም ሆኑ ሌሎች አካላት ልጅን የሚመለከት ርምጃ ሲወስዱ የልጁን ደህንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል። እዚህ ልጆች በሌላ ክፍል ተቀምጠው በካሜራ የሚመሰክሩባቸው ችሎቶች አሉ፣ የበደላቸውን ሰው ፊት እንዳያዩ።

ሚኒሶታ
እኔ በዚሁ ሥራ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። እህቴ፣ ስለ ልጁ ከዚህ በላይ አትጻፊ፣ የልጆቹ ምስጢር ነው።

አሁን ወደ ዋናው። የኮልፌው ልጅ ለቀልድ የጠየቀው የሰዓት ነገር እረፍት ነሳኝ። ሪፖርቱ ላይ "እናት ለጉብኝት ቀረች"፣ ማለት ልጆቿን ልታይ በተቀጠረችበት ቀን አልመጣችም፣ የሚል ነገር አለ? ስንት ሰዓት ነበር የተቀጠረችው? ሰዓቱን የነገራት ማን ነው?

ጠያቂ
አለ። አራት ጊዜ ቀርታለች ይላል፣ እኔም ከሶሻል ወርከሯ ማስታወሻ ወስጄ ጽፌዋለሁ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በነሱ 10 ሰዓት ነው። ወረቀቱን እናትየዋ በስልክ ፎቶ አንስታ ትልክላታለች፣ ልጅቷ አንብባ "እማዬ፣ 10 ሰዓት ነው" ትላታለች...

አምላኬ።

እናትና ልጆቹ የሚገናኙበት ቦታ እንግዳ ተቀባይ አንዴ "አንዲት ሴት ከሰዓት በኋላ እየመጣች ምግብ ትተዋለች፣ ለማን እንደሆነ አልገባንም" ብላኝ ነበር። ጠረጴዛው ስር በላስቲክ ዕቃ የተቀመጠ ፍርፍር አየሁ። ክዳኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ የሁለቱ ልጆች ስም በአማርኛ ተጽፎበታል። አነበብኩት እኮ! ግን ልጆቹ ሲመጡ እንዲሰጣቸው ቀድማ ያስቀመጠችው መስሎኝ አለፍኩት። ልጅቷ ደግሞ መስኮቱ ጋ ቆማ "አትመጣም አይደል?" ስትለኝ "ምናልባት ሥራ ይዟት ይሆናል" አልኳት።

ሚኒሶታ
አታልቅሺ፣ ጊዜ አለሽ። አንደኛ፣ መዝገብ ካላቸው ገብታ የፈረመችበትን ሰዓት ጠይቂ፤ በነሱ 4 ሰዓት አካባቢ ከሆነ በኛ 10 መሆኑ ነው። ሁለተኛ፣ በኃላፊሽ በኩል ለሪፖርቱ ማሟያ ዛሬ ይግባ። "ሰዓቱን ተሳስታ ነው" ብለሽ አትደምድሚ፤ ያየሽውን፣ ሰዓቱ በማን በኩል እንደተነገራት፣ እኛ ሰዓት እንዴት እንደምንቆጥር ብቻ ጻፊ። እናትየዋ ራሷ በአስተርጓሚ ትጠየቅ።

ለምን እንደምጨነቅ ልንገርሽ። በ1997ቱ (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል ሕግ አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር፣ ማለት ከወላጁ ተወስዶ በአደራ በሰው ቤት፣ ካሳለፈ ስቴቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ክስ ማቅረብ አለበት። ዘመድ ጋ ከሆነ ወይም ለልጁ እንደማይበጅ የሚያሳይ ምክንያት ካለ ሊተወው ይችላል። "አራት ጊዜ ቀረች" የምትለዋ መስመር ያኔ ትመዘዛለች። ልጅ ቤት ብቻውን የዋለበት ምክንያት ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ይመርመር፤ ግን ሳትቀር ቀረች ተብሎ አይጻፍባት።

አስተርጓሚዋ
ይሄ በሥራዬ ደጋግሞ ይገጥመኛል። እኔ ሰዓት ሳስተረጉም ሁልጊዜ "ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በእጅ ስልክሽ ላይ 10 የሚለው" ብዬ ነው የምናገረው። የልደት ቀንም በኛ አቆጣጠር ከሆነ እንዲጣራ ጠይቂ።

ሰላም ይሁን
አስተርጓሚ በስልክም ይቻላል፣ አማርኛ አላቸው።

ጠያቂ
ኃላፊዬ አነሳች። በቪዲዮ አስተርጓሚ እንዲቀርብ ጥያቄው ገብቷል፣ ለእናትየዋ ጠበቃም ደውላለታለች። ለሶሻል ወርከሯ "አላስተረጉምም፣ ልጅቷም አታስተርጉም" ብዬ ጻፍኩላት። ማሟያውን አሁን እየጻፍኩ ነው። የመገናኛ ቦታው በ2 ሰዓት ይከፈታል፣ በኛ፣ ከችሎቱ በፊት መዝገቡን ልጠይቅ እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

ነገረ ሕግ
በርቺ እህቴ። ማሟያው ለሁሉም ወገን ጠበቆች መድረሱን አረጋግጪ፣ ለዳኛው ብቻ አይሁን።

የኮልፌ ልጅ (በማግስቱ)
እንዴት ሆነ? ከሥራ እየወጣሁ አየዋለሁ፣ ምንም የለም።

ሚኒሶታ (ከሦስት ቀን በኋላ)
ምስጢር ስለሆነ ላትነግሪን ትችያለሽ። ደህና ነኝ በይን ብቻ።

የሦስት ልጆች አባት (ከሳምንት በኋላ)
እህቴ፣ እናትየዋ ሰዓቱ ተነገራት?