ጥያቄ፦ የ1983 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ሥነ ጽሑፍን በአንድ ሰዓት እንዴት ላቅርብ?

ጠያቂ፦ የክበብ አስተባባሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንባብ ክበብ «አንድ ዓመት በዓለም ሥነ ጽሑፍ» በሚል ርእስ የአንድ ሰዓት ዝግጅት እንዳቀርብ ተመድቤያለሁ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የታተመው በ1983 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ይህንኑ ዓመት መረጥሁ። ማስታወሻ መሰብሰብ ስጀምር ግን ዓመታቱ ተደበላለቁብኝ። የአሊስ ዎከር «ዘ ከለር ፐርፕል» አንድ ቦታ በ1982፣ ሌላ ቦታ በ1983 ሥር ተመዝግቧል፤ የኡምቤርቶ ኤኮ «ዘ ኔም ኦፍ ዘ ሮዝ»ም እንዲሁ 1980ም 1983ም ይባላል። በዚያ ላይ ተማሪዎቹ «ኦሮማይ»ን የሚያውቁት በ1975 ዓ.ም. ነው። የትኛውን ላስገባ፣ የትኛውን ልተው? ከኖቤል ሽልማቱ ብጀምርስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ብራና

መደበላለቁ የመጣው መጽሐፉ የታተመበት፣ የተሸለመበትና የተተረጎመበት ዓመት በአንድ ረድፍ በመጻፉ ይመስለኛል። የዎከር ልቦለድ የታተመው በ1982 ሲሆን የአሜሪካውን የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው በ1983 ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያድርጉ፦ ዎከር በልቦለድ ዘርፍ ፑሊትዘርን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት እንጂ በጠቅላላው የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ ገጣሚዋ ግዌንዶሊን ብሩክስ በ1950 ቀድማታለች። የኤኮ መጽሐፍ በጣልያንኛ የወጣው በ1980 ነው፤ 1983 የዊልያም ዊቨር የእንግሊዝኛ ትርጉም የታተመበት ዓመት ነው። ሁለቱንም በዝርዝሩ ሊያቆዩአቸው ይችላሉ፤ የገቡበትን ምክንያት ብቻ ከጎናቸው ይጻፉ።

የዘመን አቆጣጠሩን በተመለከተ፣ በዚያ ዓመት መስከረም 1 ቀን 1976 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1983 ነበር። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት የታተመው «ኦሮማይ» በእኛ አቆጣጠር የ1975 ሲሆን፣ በኦክቶበር የታወጁት የኖቤልና የቡከር (የእንግሊዝ የልቦለድ ሽልማት) ሽልማቶች ግን በ1976 ውስጥ ይወድቃሉ።

መልስ፦ የአራት ኪሎ አንባቢ

ከኖቤሉ ባይጀምሩ እመርጣለሁ። የዚያ ዓመት ተሸላሚ ዊልያም ጎልዲንግ ነበር፤ ይሁን እንጂ ስሙ የገነነበት «ሎርድ ኦፍ ዘ ፍላይስ» የታተመው በ1954 ስለሆነ ሽልማቱ ስለ 1983 ድርሰት የሚነግረን ብዙ ነገር የለም። ተማሪዎችን ሊስብ የሚችለው በሽልማቱ ዙሪያ የተነሣው ክርክር ነው፦ ምርጫውን በምስጢር መያዝ ልማዱ ከሆነው የስዊድን አካዳሚ አባላት አንዱ፣ አርቱር ሉንድክቪስት፣ የጎልዲንግን መመረጥ በይፋ ተቃወመ። እርሱ የደገፈው ፈረንሳዊ ደራሲ ክሎድ ሲሞን ከሁለት ዓመት በኋላ ተሸለመ። ይህን በጥቂት ደቂቃ ነግረው ይለፉት።

መልስ፦ የመጽሐፍ ወዳጅ

እኔ ብሆን ሰዓቱን በአብዛኛው ለሦስት የአፍሪካ ልቦለዶች እሰጠው ነበር፤ ሦስቱም በዚያው ዓመት የታተሙ ናቸው፣ ሦስቱም ሰውን ከመንግሥት ጉልበት ጋር ያፋጥጣሉ።

«ኦሮማይ» የተጻፈው ከውስጥ ነው። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የተሳተፈ ሰው ነበርና፣ ዋና ገጸ ባሕርዩ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ለዘመቻው ፕሮፓጋንዳ አስመራ ሲወርድ አንባቢው የሚያየው የሥርዓቱን መኝታ ቤት ጭምር ነው። ከፊያሜታ ጋር የያዘው ፍቅር አዲስ አበባ ከቀረችው እጮኛው ከሮማን ጋር ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ተልእኮም ጋር ያጋጨዋል። ብዙ ሰው መጽሐፉን እንደ ፖለቲካ ምስጢር ብቻ ያነበዋል፤ እኔ ግን ይህ ፍቅር ባይኖር ኖሮ ዛሬ የሚያነበው ሰው ጥቂት ይሆን ነበር ባይ ነኝ።

የጄ. ኤም. ኩትሲ «ላይፍ ኤንድ ታይምስ ኦፍ ማይክል ኬ» ደግሞ ከታች ነው የሚያየው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደው የኬፕታውን አትክልተኛ፣ በእርስ በርስ ጦርነት በታመሰች ምናባዊ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የታመመች እናቱን በእጅ በሠራው ጋሪ እየገፋ ወደ ልጅነት አገሯ ሊወስዳት ይነሣል። እናቱ መንገድ ላይ ትሞታለች፤ እርሱም አመዷን ይዞ ይቀጥላል፣ በተተወ እርሻ ላይም ተደብቆ ዱባ ያበቅላል። ካምፕ ቢያስገቡትም በዝምታው ያሸንፋቸዋል። የ1983 የቡከር ሽልማት የተሰጠው ለዚህ መጽሐፍ ነው።

ሦስተኛው፣ በእኛ ዘንድ ሳይገባው የተረሳው፣ የጎረቤታችን የሶማሊያው ኑረዲን ፋራህ «ክሎዝ ሰሰሚ» ነው፤ በአምባገነንነት ላይ የጻፋቸው ሦስት ተከታታይ ልቦለዶች መደምደሚያ። ዴሪዬ በጣልያኖች ዘመን የታሰረ፣ አስም ያለበት መንፈሳዊ ሽማግሌ ነው፤ ሞቃዲሾ ውስጥ ልጁ በአገሪቱ አምባገነን ገዥ፣ በጄኔራሉ፣ ላይ በተጠነሰሰ ሴራ መግባቱን ይደርስበታል። ፋራህ ይህን የጻፈው በስደት ሆኖ ነው፤ በዓሉ ግን እዚያው ቢሮው ውስጥ ሆኖ ጻፈ። ተማሪዎችዎ ይህን ልዩነት ቢወያዩበት ሰዓቱ አይበቃቸውም።

ጠያቂ፦ የክበብ አስተባባሪ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የበዓሉን መሰወር በዚሁ ዓመት ላካትተው እችላለሁ? ኩትሲና ፋራህስ በአማርኛ እጄ ላይ ስለሌሉ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ብራና

መሰወሩ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማለትም ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1984 ስለሆነ በ1983 ሥር አያስገቡት። በ1983 ውስጥ የሚገባው የመጽሐፉ ከገበያ መሰብሰብና የደራሲው ከሥራ መባረር ነው፤ መሰወሩን «የቀጠለው» ብለው ለብቻ ያስቀምጡት።

መልስ፦ የመጽሐፍ ወዳጅ

ከሁለቱ የውጭ መጻሕፍት አንዳንድ ገጽ ራስዎ ተርጉመው ያባዙ። ከኩትሲ ጋሪው መንገድ የሚጀምርበትን፣ ከ«ኦሮማይ» ደግሞ ፀጋዬ አስመራ የሚደርስበትን ክፍል ጎን ለጎን ቢያስነብቡ ጥሩ ጥንድ ይወጣቸዋል፤ ሁለቱም ሰው ወደማያውቀው ጦርነት ሲጓዝ ያሳያሉና። ከፋራህ አንድ አንቀጽ ይበቃል።