በአውስትራሊያ የሲምፕሰን በረሃ ጉዞ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እናብስለው

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። ረቂቁ ይኸውላችሁ። በአራት መኪና ከሜልበርን ተነሥተን በበረሃው ምዕራብ ጫፍ ባለው በማውንት ዴር እንገባለን፣ በምሥራቅ ጫፍ ባለችው በበርድስቪል እንወጣለን። በበረሃው 1,100 ያህል የአሸዋ ክምሮች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ምዕራባዊ ጎናቸው ዘንበል ያለ፣ ምሥራቃዊው ቀጥ ያለ ስለሆነ ከምዕራብ መግባቱ ይቀላል። ጊዜው ከሐምሌ 5 በኋላ ቢሆን የሐዋርያት ጾም ተፈቷል፣ ፍልሰታም አልገባም። በበጋው፣ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15፣ የበረሃው ፓርክ በሙቀቱ ምክንያት ዝግ ነው።

የጋራዡ ወንድማችን፦ መንገዱ ላይ እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ጭነቱ ነው። ከማውንት ዴር በኋላ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ማደያ የለም። በአሸዋ ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር ብናስብ 125 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል፤ መጠባበቂያ ጨምረን 160 እንያዝ። ረቂቁ ግን ጀሪካኖቹን ፖርቶመጋላ ላይ ያስቀምጣል። ይህን እባካችሁ እንሰርዘው። ባለፈው ዓመት ላይ ላዩን ጭኜ አንድ ክምር ላይ መኪናዬ ጎኑን ሰጠ፤ ሊገለበጥ ትንሽ ነበር የቀረው፣ ባለቤቴም አጠገቤ ነበረች። ከባዱ ዕቃ ሁሉ ወለል ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ይታሰር። ክምሩ እንቢ ካለ መሪ ሳይጠመዘዝ በመጣንበት ቀጥ ብለን ወደ ኋላ እንውረድ። ጎማውን ወደ 16 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) እናስተንፍስ፣ ኮምፕረሰርም በየመኪናው ይኑር።

ነርሷ እኅታችን፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር አተረፋችሁ። ውኃውን በሰው በቀን 10 ሊትር አድርጉት፤ ለሁለት ሰው ለአምስት ቀን 100 ሊትር፣ ማለትም 100 ኪሎ ነው። ስለዚህ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ትልቁ ድንኳን ይቅር። ስንቁ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ቢሆን ይቀላል፣ አይበላሽም። ትኩስ ፍራፍሬ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ማስገባት በፍራፍሬ ዝንብ ምክንያት ስለሚከለከል ከቤት አንያዝ። የሳተላይት ስልክ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቢበላሽ በአውሮፕላን የሚደርሱትን ሐኪሞች በምን እንጠራለን?

ጋሼ ሊቀመንበር፦ ልጆቼ፣ መኪና ቢቆም ማንም በእግር ርዳታ ፍለጋ እንዳይሄድ በጉልህ ይጻፍ። ከመኪናው የራቀን ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ቤት የሚቀርም አንድ ሰው እንምረጥ፤ በየማታው እንደውልለት፣ ሳንደውል ካደርን ለፖሊስ ያሳውቅ።

ጸሐፊ፦ ሁሉንም አስገብቻለሁ፤ ጀሪካኖቹም ወደ ወለል ወርደዋል። የጨመርኩት፦ ጫፉ ከመሬት 3.5 ሜትር የሚደርስ ባንዲራ በየመኪናው ፊት፣ ሬዲዮውም በቻናል 10። ከክምሩ ማዶ የሚመጣው መኪና የሚታወቀው በነዚህ ነው። የፓርክ ፈቃዱ ለየመኪናው ይገዛል።

የጋራዡ ወንድማችን፦ እንግዲያው ቅዳሜ አራቱንም መኪኖች ወደ እኔ አምጧቸው። ሙሉ ጭነታቸውን ይዘው እንመዝናቸዋለን፤ ከተፈቀደው የሚያልፍ ካለ እዚያው እናራግፋለን።