የወተት ማዘዣ ቅጼ ስልክ ቁጥር አይልክልኝም

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከሱሉልታ ወተት ሰብስበን አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞች ጠዋት ጠዋት እናደርሳለን። ትእዛዝ በስልክ መቀበሉ ስላደከመኝ በኤችቲኤምኤልና በጃቫስክሪፕት ራሴ ቅጽ ሠራሁ። ደንበኛው ስሙን፣ ስልኩን፣ ሠፈሩንና የሊትሩን ብዛት ይሞላል፤ የጃቫስክሪፕቱ ፎርምዳታ ይሰበስበዋል፤ ፌች ደግሞ ወደ ሰርቨር (ትእዛዙን ወደሚቀበለው ኮምፒውተር) ይልከዋል። ሌላው ሁሉ ሲደርስ ስልኩ ብቻ አይመጣም። ሳጥኑ አይዲ (መለያ) አለው፤ ዓይነቱም «ነምበር» (ቁጥር) ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ትናንት አንዲት እናት «ትእዛዝዎ ደርሷል» የሚለውን አይታ ወተቱን ስትጠብቅ አረፈደች፤ እኛ ዘንድ ግን ምንም አልደረሰም። ለሕፃን ልጇ ነበር። እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፣ ከለገጣፎ፦
እህቴ፣ ሳጥኑ ላይ «ኔም» (መረጃው የሚላክበትን ስም) ጽፈውበታል? ፎርምዳታ የሚያውቀው ኔምን እንጂ አይዲን አይደለም። ኔም የሌለው ሳጥን ቢሞላም ይታለፋል፤ የስሕተት መልእክትም ስለማይወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሰርቨሩን ሲጠራጠር ይውላል።

መልስ፣ ከሰበታ፦
«ነምበር» የሚለውንም «ቴል» (ለስልክ የሚሆነው ዓይነት) ይበሉት። ስልክ ቁጥር አይደመር፣ አይቀነስ። ደንበኛው በ+251 ጀምሮ ቢጽፍ «ነምበር» አይቀበለውም፤ በ09 የሚጀምረውም ወደ ቁጥር ከተለወጠ የፊቱ ዜሮ ይጠፋል።

መልስ፣ ከቡራዩ፦
እኔን ያሳሰበኝ የእናቲቱ ጉዳይ ነው። «ደርሷል» የሚለው ከፌች ቀጥሎ ያለ ምንም ምርመራ ተጽፎ ከሆነ ቅጹ ሰው ያሳስታል። ፌች ስሕተት ብሎ የሚጮኸው ሰርቨሩን ጨርሶ ማግኘት ሲያቅተው ነው። ሰርቨሩ ተገኝቶ 404 (የተጠየቀው አልተገኘም) ወይም 500 (ሰርቨሩ ውስጥ ስሕተት አለ) ቢመልስ፣ ለፌች መልስ መጣ ማለት ነው፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የመልሱን «ኦኬ» (መሳካት አለመሳካቱን የሚናገረውን) ይመርምሩ። እውነት ከሆነ ብቻ «ደርሷል» ይበሉ። ካልሆነ «አልደረሰም፣ እባክዎ እንደገና ይላኩ» ብለው ደንበኛው የሞላውን ሳይሰርዙ ይተዉለት። ኔትወርኩ ሲዘገይ ሰው ደጋግሞ ይጫናል፤ መልሱ እስኪመጣ የመላኪያውን ቁልፍ እንዳይጫን ቢቆልፉት አንዱ ትእዛዝ ሁለት አይሆንም።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኔም አልነበረውም፤ አሁን ስልኩ ይመጣል። የሰርቨሩን መዝገብም አየሁት፦ እናቲቱ ሊትሩን ባዶ ትታው ኖሮ 500 ተመልሶላታል። ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ሊትሩን ሳይሞላ እንዳይላክ «ሪኳየርድ» አድርጌዋለሁ፤ ሰርቨሩም ባዶ ሲመጣለት እንዳይወድቅ አስተካክዬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ጓደኛዬ «ኮንተንት ታይፕ» የሚለውን ሄደር (የሚላከው መረጃ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገረውን መስመር) በእጅሽ ጻፊበት ትለኛለች። ልጻፈው?

መልስ፣ ከቡራዩ፦
ፎርምዳታውን እንዳለ የሚልኩ ከሆነ አይጻፉት። ብራውዘሩ ራሱ ይጽፈዋል፤ አንዱ መረጃ ከሌላው የሚለይበትን የድንበር ምልክትም ይጨምርበታል። በእጅ ሲጻፍ ያ ምልክት ይቀራል፤ ሰርቨሩም ስሙን ከስልኩ መለየት ያቅተዋል። ወደ ጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ሌላ ቅርጽ) ለውጠው ከላኩት ግን ይጻፉት።