ኪሊማንጃሮ ለሚወጣ ሁሉ የከፍታ መድን ግዴታ ይሁን?

አወያይ፦
ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሚገባ የውጭ እንግዳ ሁሉ 44 ዶላር ከፍሎ የደሴቲቱን መድን እንዲገዛ አዟል። የዚያው የታንዛኒያ ተራራ ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ሆኖ የመድን ወረቀት የሚጠይቁት ግን ብዙ ጊዜ አስጎብኚ ድርጅቶች ናቸው። ከአዲስ አበባም ከውጭም ወገኖቻችን በቡድን መውጣት ስላበዙ ጥያቄውን እናንሳ፦ ከፍታና ሄሊኮፕተር የሚሸፍን መድን የሌለው ሰው ከፓርኩ በር ይመለስ? ሥራውን የምታውቁ ጻፉ።

ውል አንባቢ፦
ይመለስ። ሕጉ «መድን ይኑረው» ብቻ ብሎ ከቆመ ግን ባይወጣ ይሻላል። ብዙ ሰው እጅ ያለው ለሸንገን ቪዛ የተገዛው ዓይነት ነው። 30,000 ዩሮ ይላል፤ የሚሠራው ግን ሸንገን አገሮች ውስጥ ነው። ለመላው ዓለም ተብሎ የሚሸጠውም የከፍታ ጣሪያ አለው፤ አንዱ 3,000 ሜትር ላይ ይቆማል፣ ሌላው 4,500 ላይ። ከኪሊማንጃሮ ጫፍ በፊት የሚታደርበት ባራፉ ካምፕ 4,670 ሜትር ገደማ ነው። 4,500 የሚል ውል የያዘ ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ ቢታመም ምንም እንዳልያዘ ነው።

ስለዚህ ሕጉ ቁጥሩን ይጥራ፤ እስከ 6,000 ሜትር ይበል። በእግር መውጣትም በስም ይጠቀስ፤ «ተራራ መውጣት» የሚለው ማግለያ (መድኑ የማይሸፍነውን የሚናገረው አንቀጽ) ገመድና የበረዶ መጥረቢያ የማይፈልገውን ጉዞ ጭምር የሚጠቀልልባቸው ውሎች አሉ። ሌላው ሰው የሚዘነጋው ነገር፣ ሕመምተኛን ማጓጓዝና ፍለጋና ማዳን ሁለት የተለያዩ ሽፋኖች መሆናቸው ነው። ያለበት ቦታ የታወቀ ሰው በሐኪም ውሳኔ ሲወርድ በመጀመሪያው ይከፈላል። የጠፋ ሰው ሲፈለግ ወጪው የሚወጣው ከሁለተኛው ነው፣ እሱም ከተገዛ።

ከቴል አቪቭ፦
እዚህ ይኸው ተለያይቶ ነው የሚሸጠው። መሠረታዊው አለ፤ የፍለጋና ማዳን ተጨማሪ አለ፤ የፈታኝ ስፖርት ተጨማሪ አለ፤ ሁሉም በቀን ይታሰባል። የኩፓት ሆሊም (የእስራኤል የጤና መድን ድርጅት) አባል ነኝ ብሎ ብቻ የሚበር ሰው ከአገር ከወጣ በኋላ ሽፋን የለውም። አሜሪካ ያሉ እናትና አባቶችም ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ከአሜሪካ ውጭ በጥቅሉ እንደማይከፍል ይወቁ።

አስጎብኚ፦
ውል አንባቢ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ግዴታውን ግን እቃወማለሁ። ሰው የሚታመመው የመውጫው ቀን ስለሚያጥር ነው። ማራንጉ በሚባለው መንገድ የሚደረገውን የ5 ቀን ጉዞ ተመልከቱ፦ የመጀመሪያ ሌሊት ማንዳራ 2,720 ሜትር፣ ሁለተኛው ሆሮምቦ 3,720፣ ሦስተኛው ኪቦ 4,720። እዚያው ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ተነስቶ 5,895 ይወጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመከራል። እዚህ በየሌሊቱ 1,000 ይጨምራል። ይህን መርሐ ግብር የትኛውም ወረቀት አያድነውም።

ቀኑ የሚያጥርበት ምክንያት ደግሞ ገንዘብ ነው። የፓርኩ የጥበቃ ክፍያ ለአንድ ሰው በቀን 70 ዶላር ነው፤ ሁለት ቀን የቀነሰ ድርጅት በዚህ ብቻ በሰው 140 ዶላር ያወርዳል፣ ርካሽ ሆኖም ገበያውን ይወስዳል። ግዴታ ካስፈለገ ከ7 ቀን ያነሰ ፈቃድ አይሰጥ። ለማዳን ሥራ ደግሞ ተራራውን የሚወጣ ሰው ሁሉ 20 ዶላር ከፍሎ ነው የሚገባው፤ በዚያ ክፍያ የፓርኩ ሰዎች በባለ አንድ ጎማ ቃሬዛ ሕመምተኛ ያወርዳሉ።

ነርሷ፦
በቀኑ ጉዳይ ከአስጎብኚ ጋር ነኝ። ሄሊኮፕተር ሕክምና አይደለም፤ ሕክምናው መውረድ ነው። ሰው በብዛት የሚደክመው ወደ ጫፉ በሚወጣበት ሌሊት ነው። ያን ጊዜ ጨለማ ነው፤ ጉም ከወረደም በረራ አይኖርም። ከፍታ የሚያመጣው የአንጎል እብጠት ምልክት በቀላሉ ይፈተናል፦ የአንድ እግሩን ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር ይራመድ፤ ከተንገዳገደ ጧትን ሳይጠብቁ ወዲያው ያውርዱት። ተቀምጦ እያረፈ ትንፋሽ የሚያጥረውና የሚያስለው ሰው ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ወዲያው ይውረድ፣ ኦክስጅን ካለ እየተሰጠው። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ብዙ ጊዜ ለውጥ ያመጣል። ለአንጎል እብጠት ዴክሳሜታዞን 8 ሚሊግራም መጀመሪያ፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 4 ሚሊግራም ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን እየወረዱ እንጂ ለመቆያ አይደለም። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል የሚወሰደው መድኃኒት ዳያሞክስ 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ሰልፋ ለሚባሉ መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው 2,350 ሜትር ላይ ስለሚያድር ለታችኛው ካምፕ ይጠቅመዋል፤ 4,700 ላይ ግን ዋስትና አይሆነውም። ከዱባይ ወይም ከጅዳ የሚመጣው ደግሞ ከባሕር ጠለል ነው የሚነሳው፤ ሁለቱ በአንድ መርሐ ግብር መሄድ የለባቸውም።

መድኑ የሚጠቅመው ከወረዱ በኋላ ነው፤ ከተራራው ሥር ባለችው ሞሺ ከተማ ሆስፒታል ሲገቡ፣ የኦክስጅንና የአልጋ ወጪ ሲመጣ፣ ወደ አገር መመለስ ሲያስፈልግ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ የደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ ችግር ያለበት ሰው ቅጹ ላይ ይጻፈው። የተደበቀ ሕመም ካሳ የሚከለከልበት አንዱ ሰበብ ነው።

ካትማንዱን የሚያውቅ፦
ግዴታ ሌላ በርም ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔፓል ውስጥ መንግሥት ያደረገው ምርመራ ያወጣውን አስታውሱ። ቀላል ራስ ምታት ያለበት ተጓዥ «ሄሊኮፕተር ካልተሳፈርክ ትሞታለህ» እየተባለ ይወርድ ነበር። በአንድ በረራ ብዙ ሰው ተጭኖ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዋጋ ለመድን ድርጅቱ ይጠየቅ ነበር። ሁሉም ተጓዥ መድን እንዳለው በተረጋገጠ ቁጥር ይህ ንግድ ይደራል፤ መጨረሻው የአረቦን (የመድን መግዣው ክፍያ) መወደድ ወይም ድርጅቶች ከአገሩ መውጣት ነው።

ውል አንባቢ፦
ማጭበርበሩን የሚቆጣጠረው ቅድመ ፈቃድ ነው ወንድሜ። ውሎቹ በአብዛኛው ሄሊኮፕተር ከመጠራቱ በፊት ለ24 ሰዓቱ የእርዳታ ስልክ ተደውሎ ፈቃድ እንዲገኝ ይጠይቃሉ። መሪው በራሱ ወደ አብራሪው ድርጅት ደውሎ በረራ ካዘዘ ክፍያው ሊከለከል ይችላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቡድን የሚወድቀው። የፖሊሲው (የመድን ውሉ) ቁጥር የታመመው ሰው ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ በብርድ ጠፍቷል፤ ሰውየው መናገር አይችልም። ስለዚህ ሁለት የወረቀት ቅጂ ይታተም፤ አንዱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መሪው ጋ፣ ሌላው አዲስ አበባ ወይም ሚኒሶታ ያለ ቤተሰብ ጋ። ኔትወርክ በተገኘ ሰዓት መሪው ለቤተሰብ አጭር መልእክት ይልካል፤ ቤተሰቡ ደውሎ ጉዳዩን ያስከፍታል፣ የክፍያ ዋስትና ደብዳቤም እንዲላክ ያደርጋል። ያ ደብዳቤ ከሌለ ሂሳቡ በሺዎች ዶላር ከኪስ ይጠየቃል፤ ብር ለሚያገኝ ሰው ዶላሩን በአንድ ሌሊት ማምጣት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

አስጎብኚ፦
ይህን ሁሉ የበር ሠራተኛ ያጣራል? የቢጫ ወባ ካርድ ኤርፖርት ላይ የሚሠራው አንድ ገጽ ስለሆነና ማኅተሙ በዓይን ስለሚታይ ነው። ፖሊሲ 40 ገጽ ነው፤ ማግለያው ገጽ 31 ላይ ተደብቆ ይገኛል። ሠራተኛው የሚያየው የድርጅቱን አርማ ብቻ ይሆናል።

ውል አንባቢ፦
እንግዲያው አንድ ገጽ ይሁን። መድን ሰጪው የሚፈርምበት ቋሚ ቅጽ ይውጣ፤ ስም፣ ቀን፣ «እስከ 6,000 ሜትር በእግር መውጣት ተሸፍኗል»፣ «ሄሊኮፕተር ተካቷል»፣ የእርዳታ ስልክ። መፈረም ያልፈለገ ድርጅት ሽፋን የለውም ማለት ነው፤ ገዥውም ይህን ከአገሩ ሳይወጣ ያውቃል። ግዴታው እስኪመጣም ቢሆን ከመግዛታችሁ በፊት ይህንኑ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ፤ የሻጭ የቃል ማረጋገጫ ለክርክር አይሆንም።

ደባርቄው፦
ሰሜን ተራሮችስ? ራስ ደጀንም 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ግዴታው ወደዚህ ከተዛመተ አንስማማም። ብዙ የውጭ መድን የተጓዡ መንግሥት «አትሂዱ» ያለበት አካባቢ አይሠራም። ያኔ ሕጉ እንግዳውን ሳይሆን ባለ በቅሎውንና ስካውቱን (እንግዳውን የሚያጅበውን የፓርክ ጠባቂ) ነው የሚቀጣው። በኛ በኩል ሕመምተኛ በበቅሎ ጨነቅ ካምፕ ካለው የመኪና መንገድ ይደርሳል፣ ከዚያ በመኪና ደባርቅ፣ ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ የሚያስፈልገው የበቅሎና የመኪና ዝግጅት ነው፤ ከሄሊኮፕተር ወረቀት በፊት።

ነርሷ፦
እውነት ነው፤ የሁለቱን ተራሮች ሕግ አንድ ማድረግ አይገባም።

የተሸካሚዎች ጠበቃ፦
እስካሁን ስለ እንግዳው ብቻ ነው የተወራው። ተራራው ላይ ከእያንዳንዱ እንግዳ ጋር ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ተሸካሚ ይወጣል። የጭነቱ ጣሪያ 20 ኪሎ ነው፤ ጫማና ጃኬቱ ግን ከእንግዳው የሳሳ ነው፣ በከፍታ ሕመምም ይያዛል። ኔፓል አዘጋጆች ለመሪዎችና ለተሸካሚዎች መድን እንዲገዙ ታስገድዳለች። በእድር ሁሉም ያዋጣል፣ ለሁሉም ይደርሳል፤ እዚህ ግን ሸክሙን የሚሸከመው ከመዝገቡ ውጭ ነው። ለእንግዳ ግዴታ የሚል ሁሉ መጀመሪያ ለተሸካሚው ግዴታ ይበል።

ውል አንባቢ፦
እቀበላለሁ፤ በዚያው አንድ ገጽ ጀርባ የቡድኑ ሠራተኞች ስም ዝርዝርና የመድናቸው ቁጥር ይግባ።

የተሸካሚዎች ጠበቃ፦
አረቦኑን ማን ይከፍላል የሚለው ካልተጻፈ ከቀን ክፍያቸው ነው የሚቆረጠው። ድርጅቱ ይክፈል፤ ደረሰኙን የፓርክ ፈቃድ ሲጠይቅ ያቅርብ፤ ያላቀረበ ፈቃድ አያግኝ። ይህ በሕጉ ውስጥ በግልጽ ከገባ እደግፋለሁ፤ ካልገባ እቃወማለሁ።

አስጎብኚ፦
በዚህ እስማማለሁ። የ7 ቀኑን ዝቅተኛ ገደብ ግን አለቅም። ሁለቱ አብረው ይውጡ፤ መድኑ ብቻውን ከወጣ ርካሹ የ5 ቀን ጉዞ ወረቀት ይዞ ይቀጥላል።