ሲኞራዬ ቤት ሆነው ሲቆርቡ እኔ ምን ላድርግ?

ሮም ነዋሪ
ሰላም ለሁላችሁ። የ88 ዓመት ካቶሊክ ሲኞራ (ወይዘሮ) አስታምማለሁ፤ የማድረውም እዚያው ነው። እግራቸው ከደከመ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀርቷል፤ በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ቁርባን ቤት ድረስ ይመጣላቸዋል። ችግሩ ሐሙስ ከእራት በኋላ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። የስኳር ሕመም አለባቸው። ባለፈው እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ላብ በላብ ሆኑ። ቁርስ ይዤ ብለምናቸው «ጌታን ሳልቀበል?» ብለው አፋቸውን ዘጉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በኛ 18 ሰዓት ይጾማልና ብሉ ማለቱ ድፍረት መሰለኝ። የነሱ ሕግ ምን ይላል? ያቺ ስስ ኅብስትስ ለነሱ ሥጋ ወደሙ ናት ወይስ መታሰቢያ? ክፍሉንስ እንዴት ላዘጋጀው?

የእምድብር ልጅ
እህቴ፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ። እዚሁ ጣሊያን ለሕሙማን ቁርባን ከሚያደርሱት ምእመናን አንዷ ነኝ።

መጀመሪያ ምግቡ። ይብሉ! መድኃኒታቸውንም ይውሰዱ። ጤነኛ ሰው የሚጾመው ከመቀበሉ በፊት አንድ ሰዓት ነው፤ ውሃና መድኃኒት ጾም አይሽርም። ለታመመና ለሸመገለ ሰው ደግሞ ያ አንድ ሰዓትም ግዴታ አይደለም። ሲኞራሽ ግትር ሆነው እንዳይመስልሽ። በልጅነታቸው ጾሙ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነበር፣ ውሃም ጭምር። ውሃ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ወደ አንድ ሰዓት የወረደው በ1964፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ጊዜ። ሲኞራሽ የመጀመሪያ ቁርባናቸውን የተቀበሉት በድሮው ሥርዓት ነው፤ ያ ደግሞ ከአጥንት አይወጣም። አንቺ ብትነግሪያቸው አይሰሙሽም። ለቄሱ ደውዪና ራሳቸው ይንገሯቸው። እንደዚያ ላብ ሲያጠምቃቸው ግን ቄስ አይጠበቅም፤ ቶሎ ስኳር ያለው ነገር ስጪ፣ ሐኪማቸውንም ጥሪ።

መታሰቢያ ብቻ አይደለም። በቅዳሴው ኅብስቱ አማናዊ ሥጋው፣ ወይኑ አማናዊ ደሙ ይሆናል ብለን እናምናለን። መልኩና ጣዕሙ ባይለወጥም ያለው እሱ ራሱ ነው። በኅብስቱ ብቻ ክርስቶስ ሙሉ በሙሉ ስላለ ወይኑ ቤት አይመጣም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀይ መብራት የሚበራበትን ሳጥን አይተሽ ይሆናል፤ ለሕሙማን የሚሆነው የሚቀመጠው እዚያ ነው። እኔም ተቀብዬ በትንሽ ክብ ዕቃ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ሰው ቢያገኘኝ እንኳ ቆሜ አላወራም።

ትንሽ ጠረጴዛ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ሻማ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ከማንኪያ ጋር ይበቃል። ቴሌቪዥኑን አጥፊ። ቀና አድርገሽ ደግፊያቸው። መዋጥ ካቃታቸው ፍርፋሪ የምታህል ቁራሽም በቂ ናት፤ በማንኪያ ውሃ ትወርዳለች። አንዳንድ ቤት ስገባ አስታማሚዋ ወደ ኩሽና ትሸሻለች፤ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። አትሽሺ። «አባታችን ሆይ» ሲባል በአማርኛ አብረሽ በዪ።

ኃይለ መስቀል
አብራ ትጸልይ፤ መቁረብ ግን ለኛ ለኦርቶዶክሶች አይፈቀድም። እኔን ያልገባኝ ካህን ያልሆነ ሰው ሥጋውን በእጁ እንዴት ይነካል?

የእምድብር ልጅ
ስለ መቁረቡ እውነትህን ነው። የካቶሊክ ሕግ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምእመን ተዘጋጅቶ በራሱ ፈቃድ ከጠየቀ እንዲቆርብ ይፈቅዳል። የራሷ ቤተ ክርስቲያን ካልፈቀደች ግን ያንን ማክበር ነው፤ እኔም ቁረቢ አልላትም።

ጥያቄህ ይገባኛል። አገር ቤት ያደግኩት በግእዝ ሥርዓት እያስቀደስኩ ነው፣ የሚያቆርቡንም ካህናት ነበሩ። እዚህ ላቲኖቹ (የሮማ ሥርዓት ካቶሊኮች) ጋ ግን ጳጳሱ የፈቀደለት ምእመን ያደርሳል። ጣሊያን ውስጥ በእጅ መቀበል የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ነገሩ ግን ጥንታዊ ነው። ቅዱስ ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም በ4ኛው መቶ ዘመን፣ ንጉሡን ለሚቀበለው ቀኝ እጃችሁ ግራውን ዙፋን አድርጉለት ብሎ አስተምሯል። እኔ ይህን ሥራ ስጀምር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁንም ቀላል አይደለም፣ ቀላል እንዲሆንልኝም አልፈልግም።

ሮም ነዋሪ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቄሱን አገኘኋቸው፤ ሐሙስ ማታ ራሳቸው ይደውሉላቸዋል። አንድ ነገር ረስቼ፦ ሲኞራዬ ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ሻማው ችግር የለውም?

የእምድብር ልጅ
አለው! ኦክስጅን ባለበት ክፍል እንዳታበሪ። ነጩ ጨርቅ ይበቃል።